አጥሩን ሰብረው ገቡ!

ከተማ መቆርቆር ደስ ይላል፤ በተለይ የሊዝ ጨረታ በሌለበት፣ የግንባታ ፈቃድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው «ነገ ተመለስ» በማይባልበት አገር። ከደመወዙ ግማሹን ለቤት ኪራይ የሚያስረክብ ሰው ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ሰፈር ሲቆርስ፣ መንገድ ሲያወጣ ቢያመሽ አይፈረድበትም። ዊል ራይት «ሲም ሲቲ» የተባለውን ጌም ካወጣበት ከ1989 ወዲህ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ስንቱ ተከራይ በዚህ ተጽናንቷል!

የእህቴ ልጅ ግን እንዲህ ዓይነቱ ጌም እንቅልፉን ነው የሚያመጣበት። «ጋሽዬ፣ ታዲያ ማን ነው የሚሞተው?» ይላል። እሱ የሚወደው ታወር ዲፌንስ የሚሉትን ነው፤ ማማ ተክሎ፣ መድፍ ጠምዶ፣ በመንገዱ የሚመጣውን ጠላት ቁጭ ብሎ መልቀም። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔ ዘንድ ይመጣና በአንዲት ላፕቶፕ ላይ ሁለት መንግሥት እንሆናለን። ውጭ ያለው ወንድሜ ክሳችንን በስልክ መስማት ሲሰለቸው፣ ሁለታችንንም ያስታርቃል ያለውን ጌም ገዝቶ በስጦታ ላከልን። (ከዚህ ሆኖ መግዛቱ ራሱን የቻለ ወግ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።) የሌሊት ጥቅል ሞልተን ሲወርድ አደረ።

ጌሙ «ዘይ አር ቢሊየንስ» ይባላል፤ ቢሊዮን ናቸው ለማለት ነው። ቢሊዮን የተባሉት ዞምቢዎች ናቸው። ኑማንሺያን ጌምስ የሚባል ትንሽ የስፔን ቡድን በ2017 መጨረሻ ገና ሳያልቅ ለሽያጭ አቀረበው፤ በሰኔ 2019 ደግሞ ዘመቻ ጨምሮበት ጨርሶ አወጣው። ስማቸው ራሱ ይገርመኛል። ኑማንሺያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 ሮማዊው ስኪፒዮ አይሚልያኑስ ከብቦ በረሃብ እጅ ያሰጣት የጥንት ከተማ ናት። ዙሪያውን ግንብና ማማ የሠራው ከባቢው ነው፤ ማንም እንዳይገባ ሳይሆን ማንም እንዳይወጣ። ተከብባ የምትወድቅ ከተማ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

ታሪኩ አጭር ነው። የዓለም ሕዝብ ከጥቂቶች በቀር ዞምቢ ሆኗል፤ የተረፉት ኩዊንተስ ክሬን በሚባል ንጉሠ ነገሥት ሥር ተሰብስበዋል፤ አንተ ደግሞ የጠፋውን ምድር እንድታስመልስ ሰፋሪ አስይዘው ይልኩሃል። ዘመኑ የእንፋሎት ሞተርና የናስ ቱቦ ዘመን ነው። ካርታው መሐል ላይ አንድ ማዘዣ ጣቢያና ጥቂት ወታደሮች ይሰጡሃል፤ ከዚያ ውጪ ያለው ጨለማ ነው። በጨለማው ውስጥ ዞምቢዎች እዚህም እዚያም ተገትረዋል። በየጊዜው «መንጋ በምዕራብ በኩል እየመጣ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰማል፤ በመጨረሻ ደግሞ ከአራቱም ማዕዘን ይነቃነቃሉ። ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ እስከ 20,000 ይደርሳሉ ይላሉ ሠሪዎቹ። የኔዋ ላፕቶፕ ግን በዚህ ውል ላይ ስላልፈረመች፣ መንጋው ሲበዛ ማራገቢያዋ መጮህ ይጀምራል፤ ጠረጴዛው ይግላል።

የጌሙን ብልሃት ለማየት ግን ማማውን ሳይሆን ቤቱን ነው ማየት። ሰፋሪ መጀመሪያ የሚያድረው በድንኳን ነው። ድንኳን ለመትከል ምግብ ያስፈልጋል፤ ምግብ ከአዳኝና ከዓሣ አስጋሪ ጎጆ፣ በኋላም ከእርሻ ይመጣል። መብራትም ያስፈልጋል፤ መብራቱ በቴስላ ማማ ካልተዘረጋ በቀር ከማዘዣ ጣቢያው ርቆ አንድም ነገር አይቆምም። ወርቁ በአብዛኛው የሚገኘው ከሰፋሪው ግብር ነው፤ ወታደሩ የሚቀጠረው በወርቁ ነው። ስለዚህ መከላከያ ከፈለግህ ድንኳን፣ ድንኳን ከፈለግህ መሬት፣ መሬት ከፈለግህ ደግሞ ከዞምቢው መንጠቅ አለብህ። ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ያለ ይሞታል። ድንኳኑ ወደ እንጨት ቤት፣ የእንጨቱ ወደ ድንጋይ ቤት ያድጋል፤ በየደረጃው ግብሩ ይጨምራል። ይሄ ሁሉ የኔ ፈንታ ነው፤ በደስታ ነበር የምሠራው።

ሠሪዎቹ የጨከኑት እዚህ ላይ ነው። አንድ ዞምቢ አልፎ ገብቶ አንድ ቤት ከሰበረ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰፋሪ በሙሉ ዞምቢ ሆኖ ይወጣል። የወጡት ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ደረቅ ሣር ላይ የወደቀ ፍም ነው፤ ዓይንህ እያየ ሰፈሩ ያልቃል። ነገሩን በደንብ ካሰብከው፣ ቤት በጨመርክ ቁጥር ሁለት ነገር ነው የምታከማቸው፤ ገቢና ጠላት። ግብር ከፋይህ ሁሉ ነገ ሊበላህ የሚችል ሠራዊት ነው። ብዙ የከተማ ጌም ተጫውቻለሁ፤ የሕዝብ ቁጥር ሲያድግ ፍርሃት የሚለቅብህ ሌላ አላየሁም። ማማ መትከል እና ከተማ መገንባት ሁለት ጨዋታ ሆነው የተለጣጠፉባቸው ጌሞች ሞልተዋል፤ ይሄኛው በአንድ ሕግ ብቻ አንድ አድርጓቸዋል።

ግቢያችን ወደ ታመሰበት ሌሊት ልምጣ።

ዝናቡ አባርቶ፣ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ከተማችን አድጋለች፤ የድንጋይ ቤት ሞልቷል፤ ባንክም ቆሟል። ድምፁን በትልቁ ስፒከር ለቀነዋል፤ ልጁ «ስሜት የለውም» ብሎኝ። በድንገት ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ፦

«ጋሽዬ ገቡ! በጓሮ በኩል አጥሩን ሰብረው ገቡ!»

«ስንት ናቸው?»

«አንድ ነው! አይ፣ ሦስት! ኧረ ቤቱ ውስጥ ናቸው! ኧረ ሰዎቹን ጨረሷቸው!»

አከራያችን እማማ በዚያ ሰዓት ለጸሎት ነቅተዋል። በእኛና በሳቸው መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ኮምፔርሳቶ ነው። ወዲያው «ሌባ! ሌባ! የሰው ያለህ!» የሚል ድምፅ ግቢውን ሞላው። ውሻው ጀመረ፤ የጎረቤት ውሻ ተቀበለ፤ የመንደሩ ዘበኛ ፊሽካቸውን እየነፉ መጡ። ደጃችን ላይ የእግር ኮቴ ሲበዛ ልጁ ስፔስን ነካና ጌሙን ፖዝ አደረገው።

መቼም የሚመሰገን ነገር መመስገን አለበት። ይሄ ጌም በፈለግህ ሰዓት ታቆመዋለህ፤ ቆሞ ሳለም ትእዛዝ መስጠት ትችላለህ፤ ግንብ ታስጀምራለህ፣ ወታደር ታዛውራለህ፣ ስትለቀው ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። ጣቱ እንደ ልጆቹ ለማይፈጥን ሰው ትልቅ ቸርነት ነው። የእማማን ግቢ ግን በምንም ቁልፍ ማቆም አልተቻለም።

በሩን ስከፍት ዘበኛው ዱላቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው አንድ ጎረቤት ዘነዘና ተሸክሞ፣ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሌሎችም በካልሲና በፒጃማ ቆመዋል።

«የት ገቡ?» አሉ ዘበኛው ባትሪያቸውን ፊቴ ላይ እያበሩ።

ምን ይባላል? ወደ ስክሪኑ አመለከትኩ። ሁሉም ገቡ። ጠባቧ ክፍል ሞላች። ዘበኛው ጎንበስ ብለው አዩ፤ የቆመውን እሳት፣ የቆሙትን ዞምቢዎች፣ ግማሹ የተበላውን ሰፈር።

«እነዚህ ናቸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ናቸው በጠቅላላው?»

«ቢሊዮን» አለ ልጁ። እማማ አማተቡ።

እንደሚሰድቡን ጠብቄ ነበር። ሰውየው ግን የድሮ ወታደር ናቸው፤ ወንበር ሳቡ። «በዚህ በኩል ጥበቃው የታለ?» አሉ። ልጁ አስረዳቸው፤ በዚህ ጌም ደንና ገደል ራሱ አጥር ነው፤ ዞምቢ አያልፈውም፤ ስለዚህ ግንብ የሚገነባው ክፍት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ጣታቸውን በደኑ ጠርዝ ላይ አስኬዱና አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። በሁለት ዛፎች መካከል አንዲት ዞምቢ በጎኗ የምታልፍባት ስንጥቅ ነበረች። ካርታውን የምታየው ከላይ ሆነህ ባንድ ማዕዘን ብቻ ነው፤ አዙረህ ልይ ብትል አይዞርም፤ ዛፉ ከኋላው ያለውን ይሸፍናል። ይሄን ለጌሙ ድክመት ነው የምቆጥረው። ጨካኝ መሆኑ መብቱ ነው፤ የሚጨክንበትን ቀዳዳ ግን ማሳየት ነበረበት።

ዘበኛው ሐረር ብዙ ዓመት አገልግለዋል። «ጀጎል ግንቡ ለጅብ ማለፊያ ቀዳዳ አለው» አሉ። «የሐረር ሰው ግን ቀዳዳው የት እንዳለ ያውቃል። ጅቡንም ሥራ ሰጥቶታል፤ ገብቶ ቆሻሻ ያነሣል፣ ይወጣል። እናንተ የማታውቁት ቀዳዳ ነው ያላችሁ።» ቀጥለው ደግሞ፣ ወታደሮቹ ሲተኩሱ ድምፁ ሌሎቹን አይጠራም ወይ ብለው ጠየቁ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። በእውነትም ይጠራል! ቀስተኞቹ ድምፃቸው ጥቂት ስለሆነ ለስለላና ለጽዳት ይመረጣሉ፤ ጠብመንጃ ያዥ ግን በተኮሰ ቁጥር በአካባቢው የተገተረውን ዞምቢ እየቀሰቀሰ ወደ ራሱ ይጎትታል። እኛ ይህን ያወቅነው በብዙ ሬሳ ነው። እሳቸው ባንድ ደቂቃ ደረሱበት።

«እሺ ልቀቀው» አሉ።

ልጁ ለቀቀው። ባንኩ ወደቀ። ማዘዣ ጣቢያው ወደቀ። ማዘዣ ጣቢያው ከወደቀ ሁሉም አለቀ።

«ድገመው፤ ስንጥቋን ዝጋና ድገመው።»

«አይደገምም» አለ ልጁ። እዚህ ላይ ነው ባለ ዘነዘናው ጎረቤታችን የተቆጣው። በሰርቫይቫል፣ ማለትም በዋናው ጨዋታ፣ እንደፈለግህ ሴቭ አድርገህ ወደኋላ መመለስ የለም። ስትወጣ ያስቀምጥልሃል፤ ስትሸነፍ ያጠፋብሃል። ካርታውም በየጊዜው አዲስ ስለሚፈጠር ያችን ከተማ ዳግመኛ አታያትም። «ታዲያ ለምን ትጫወታላችሁ?» አለ፣ ዘነዘናውን መሬት ላይ አሳርፎ። እንቅልፉን ላጣ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው።

መልሴን ያን ሌሊት አላገኘሁትም፤ አሁን ልመልስለት። ሴቭ ቢኖር ኖሮ ያቺን ስንጥቅ ማንም አይፈልጋትም ነበር። እያንዳንዷን ድንኳን ስትተክል እጅህ የሚፈራው መመለሻ ስለሌለ ነው። አንድ ቀስተኛ በአንድ ጥግ ብቻዋን አቁመህ ስትሄድ ስሟን ልታወጣላት ምንም አይቀርህ። ይሄን ፍርሃት ሌላ ጌም አልሰጠኝም። ግን ደግሞ አንድ ጨዋታ ብዙ ሰዓት ይበላል፤ የመጨረሻው መንጋ ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቀው በእሱ ከተበላህ በኋላ ነው። ሳያስተምሩ መፈተን ነው። ፈተናውን ከነትምህርቱ የሚወስድ ትዕግሥተኛ አለ፤ እኔ በግማሽ ልቤ ከነዚህ ወገን ነኝ፤ በሌላው ግማሽ ልቤ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ነኝ። ጌሙን ቀለል አድርገህ መጀመር ትችላለህ፤ የቀናቱንና የዞምቢውን ብዛት የምትመርጠው አንተ ነህ። የእህቴ ልጅ ይህን ምርጫ እንደ ስድብ ነው የሚያየው።

በማግሥቱ እማማ ቡና ላይ ፍርዳቸውን ሰጡ። መንጋውም፣ ደሙም አላስቸገራቸውም። «እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ሲሰበር ዱላ እንኳ አያነሡም?» አሉ። እውነት ነው፤ አያነሡም። ሰፋሪዎቹ በላይኛው ጥግ ላይ የሚታዩ ቁጥር ናቸው፤ ግብር ይከፍላሉ፣ ይበላሉ፣ ይበላሉም። ጎዳና ላይ ሲሄዱ አታያቸውም። «ቀባሪስ የላቸውም? ዕድር የላቸውም?» የላቸውም እማማ። ሕዝቡ ሲበዛ ከንቲባ እንድትመርጥ ይጠይቅሃል፤ ከንቲባውም አንድ ስጦታ ሰጥቶ ይጠፋል (ይሄ ብቻ ነው እማማን ያላስገረማቸው)። የከተማ ጌም ነው ብሎ ለሚመጣ ሰው ትልቁ ጉድለት ይሄ ይመስለኛል። ከተማዋ ለመዳን እንጂ ለመኖር አልተሠራችም። ቤቶቹን በጥቅጥቅ ረድፍ ትደረድራቸዋለህ፤ ቢያምርም ባያምርም ለውጥ የለውም።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ወፍጮ ቤት ደርሶ ነበር። «ሌቦቹ ተያዙ?» የሚለኝ በዛ። እንዳልነበሩ ባስረዳም የሚሰማ ጠፋ፤ ጭራሽ ለደኅንነት ሲባል የግቢው አጥር ከፍ እንዲል ተወሰነ። የሽቦው ዋጋ ለተከራይ ተከፋፈለ። እኔ ላይ ከሌላው በለጥ ያለ ነው የደረሰኝ፤ «አንተማ አደጋውን በዓይንህ አይተሃል» አሉኝ እማማ።

ዘበኛው አንዳንድ ማታ ፈረቃቸው ሳይገባ ብቅ ማለት ጀመሩ። ከሳቸው ጋር ዘመቻውን ሞከርነው። 48 ተልእኮ አለው፤ በቁጥር ሲታይ ድግስ ነው። ሲቀርብ ግን አብዛኛው የተባዛ ነው። በዋናው ጨዋታ የምታውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይቀሙህና በምርምር ነጥብ አንድ በአንድ ትገዛቸዋለህ፤ መጀመሪያ ላይ ያልሆነውን ከመረጥክ ለብዙ ተልእኮ ዳፋው ይከተልሃል። ከመሐል ካሊዮፒና ኬለስ ከሚባሉት ጀግኖች አንዱን ብቻ ይዘህ ሕንፃ ውስጥ የምትዘዋወርበት አለ። ዞምቢውን ትገድላለህ፣ ከዚያ ወለል ለወለል ቁርጥራጭ ወረቀትና ዕቃ በማውስ ስትፈልግ ታመሻለህ። ከተማ የለም፣ ግንብ የለም። ዘበኛው ጥቂት አዩና «ይሄ ጥበቃ አይደለም፤ ፍተሻ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከዚህ የተሻለ ሒስ አላነበብኩም። ዘመቻውን እዚያው ተውነው፤ ጌሙን የሚገዛ ሰውም ለሰርቫይቫሉ ብሎ ቢገዛ ገንዘቡ አይቆጨውም።

ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ ስቆ ስቆ፣ ጸጥ ያለ ነው ያለውን ሌላ ጌም ላከ። «ትሮንፎል» ይባላል፤ ግሪዝሊ ጌምስ የተባሉ ጀርመኖች በ2023 ለሙከራ አውጥተው በ2024 የጨረሱት። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ነህ። ቀን ቀን በሳንቲም ቤት፣ ወፍጮ፣ ማማ ትሠራለህ፤ ማታ ጠላት ይመጣል፤ አንተም ራስህ ትዋጋለህ። ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነግርሃል፤ አንድ ካርታ ለመጨረስም ሌሊቱን ማጋመስ አያስፈልግም። ልስልስ ቀለሙ ዓይን ያሳርፋል። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ሕንፃ የሚቆመው እነሱ ባመለከቱት ቦታ ላይ ብቻ ነው። የምትመርጠው ምን መቼ እንደሚሠራ እንጂ የት እንደሚሠራ አይደለም። ሰፈር ልቁረስ ብሎ ለተነሣ ተከራይ ይሄ የቀበሌ ቤት ነው። የእህቴ ልጅ ግን ወደደው፤ እማማም በሩ ክፍት ሲሆን ቆም ብለው ማየት ለመዱ።

አንድ ማታ ግንቡና ግማሹ ቤት ፈረሰ፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ተረፈ። ሲነጋ የፈረሰው ሁሉ እንደነበረ ቆሞ ታየ። የፈረሱት ቤቶች ለዚያ ጠዋት ብቻ ሳንቲም አይሰጡም እንጂ ሌላ ቅጣት የለም።

«ማን ሠራው?» አሉ ዘበኛው።

«ራሱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በነጻ ይሠራል» አለ ልጁ።

እማማ ስክሪኑን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ለካስ የአጥሩን መዋጮ እስከ ዛሬ ያልሰጠኸኝ ይሄን ተማምነህ ነው!»